ስለ ሰጪ እጅ ንጽሕና

መስጠት መልካም እንደ ኾነ የማያውቅ ሰው የለም። ነገር ግን በቅን ልብ የተሰጠው ነገር ተቀባዩን ቢጎዳው፣ ሰጪው ከበደል ነጻ ነውን?

በጉራጌ አገር በቡኢ ዙሪያ፣ እንሰት የሚተክል ገበሬ አምቾውን ቆርጦ በአፈር ሲቀብረው ከአንዱ ሥር ብዙ ችግኝ ይበቅላል፤ ኹሉም በባሕርዩ እናቱን ይመስላል። ስለዚህ ጎረቤት ቢለምነው ይሰጠዋል፤ ሰጥቶም አይጎድልበትም።

ሊቃውንት በቤተ ሙከራ የሚሠሩትም ከዚህ የራቀ አይደለም። ፕላስሚድ የሚባለው በባክቴሪያ ውስጥ የሚገኝ፣ እንደ ቀለበት የተገጠመ ጥቂት የዘር ነገር ነው፤ ባክቴሪያው በተባዛ ቍጥር እርሱም ይባዛል። ሊቃውንቱ የፈለጉትን ጂን በቀለበቱ ውስጥ ሰክተው ወደ ባክቴሪያው ስለሚያስገቡበት ተሸካሚ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1977 የታወቀው ፒ.ቢ.አር. 322 የተባለው ተሸካሚ ከሳን ፍራንሲስኮ ወጥቶ ከቤተ ሙከራ ወደ ቤተ ሙከራ እየተሰጠ በዓለም ተዳረሰ፤ ባክቴሪያ የሰውን ኢንሱሊን እንዲያፈራ በተደረገውም ሥራ አገለገለ።

ይሁን እንጂ መስጠት ብቻውን ጽድቅ አይደለም። ባክቴሪያዎችም ፕላስሚድ ይሰጣጣሉ፤ መድኃኒትን የመቋቋም ኀይል በዚሁ መንገድ እየተላለፈ ሐኪምን ያስቸግራል። በእንሰትም ዘንድ እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ ከባክቴሪያ የሚመጣ መኾኑን የገለጹት አጠውልግ በሽታ፣ በታመመ ችግኝና ባልጸዳ ቢላዋ ይዛመታል። ቢላዋውን ያዋሰው ጎረቤት ክፋት አላሰበም፤ የተዋሰው ሰው ግን የብዙ ዓመት ድካሙ በጓሮው ይደርቅበታል።

ሳያውቅ ያጠፋ ይቅር ሊባል ይገባዋል፤ መመርመር እየቻለ ያልመረመረ ግን በቅንነቱ ሊመካ አይችልም። «እንግዲያስ አለመስጠት ይሻላል» የሚል ቢኖር ተሳስቷል፤ ንፉግነት ጥንቃቄ አይባልምና። ካህኑ በቅዳሴ ጊዜ ሕዝቡን ከማቍረቡ አስቀድሞ እጁን ይታጠባል፣ ሕዝቡንም ያስጠነቅቃል፤ ማቍረቡን ግን አይተውም። የሰጪም ዕዳ እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ ማንጻትና እውነቱን መንገር። ፒ.ቢ.አር. 322 አምፒሲሊንንና ቴትራሳይክሊንን የሚቋቋሙ ጂኖች አሉበት፤ እንዲህ ያለውን የሚሰጥ ሊቅ በውስጡ ያለውን ገልጦ ይጻፍ፤ ተቀባዩም አንብቦ ይጠንቀቅ።

ገበሬውም ቢላዋውን በእሳት ያሳልፍ፤ ከዚያ በኋላ ሳይሰስት ይስጥ።