የእኔ ለምን አይጠፋም?

የእህቴ ልጅ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ስሙን የማልጽፈው ጠይቄው "አይሆንም" ስላለኝ ነው። "ታሪኩንስ ልጻፈው?" ስለው ትንሽ አሰበና "ፎቶዬን ካላወጣህ" አለኝ። እንግዲህ በዚህ ውል መሠረት ነው የምጽፈው።

ልጁ ነገር ቶሎ አይገባውም። ፊደል ይለያል፤ ፊደሎቹ ተሰብስበው ቃል ሲሆኑ ግን ይጠፉበታል። ሦስተኛ ክፍልን ሁለቴ ከደገመ በኋላ ትምህርት ቤቱ እናቱን ጠርቶ "ቤት ቢውል ይሻለዋል" አላት። እሷም እጁን ይዛ ወደ ቤት ተመለሰች። ያን ጊዜ የነገሩን ስም እንኳ የነገረን ሰው አልነበረም። ዛሬ "የአእምሮ እድገት ውስንነት" ይሉታል። አንዳንዱ ደግሞ "የመማር ችግር" ብሎ ያልፈዋል፤ ይሄኛው ግን ማሰቡ ደህና ሆኖ ማንበብ ወይም ሒሳብ ብቻ ለሚያስቸግረውም ስለሚባል ሁለቱን አንድ ማድረግ ስህተት ነው። ሰፈር ውስጥ ያለው ስም አንድ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ እዚህ አልደግመውም።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ የሸጠውን አሮጌ ኮምፒውተር ገዛሁለት። ውስጡ የነበረውን ዊንዶውስ አጥፍቼ ሊነክስ ጫንኩበት። እኔና ሊነክስ ከተዋወቅን ቆይተናል። ኡቡንቱ የሚባለው ዓይነት እ.ኤ.አ በ2004 ብቅ ካለ በኋላ፣ የደቡብ አፍሪካው ተወላጅ ማርክ ሻትልወርዝ ያቋቋመው ድርጅት ሲዲውን ለጠየቀ ሁሉ ያለ ክፍያ በፖስታ ይልክ ነበር፤ አሠራሩ እ.ኤ.አ በ2011 እስኪቆም ድረስ። እኔም የፖስታ ሣጥን ቁጥሬን ልኬ መጣልኝ። "ምን ፈልገው ነው የሚሰጡህ?" ያለኝ ጓደኛዬ እስከ ዛሬ መልስ እየጠበቀ ነው።

ለማያውቁት ባጭሩ፦ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ዋናው ፕሮግራም ነው። የዊንዶውስ የውስጥ አሠራር የባለቤቱ ምስጢር ነው። የሊነክስ ግን ለማንም ክፍት ነው፤ ገብቶ ማየት፣ መለወጥ፣ የለወጡትን ለሌላ ማካፈል ይቻላል። አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ በ1983 ይህን ሐሳብ ይዞ ተነሳ፤ ፊንላንዳዊው ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ደግሞ በ1991 ሞተሩን ሠራለት። ስቶልማን ሲያብራራ የሚደክመው "ፍሪ" የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል "ያለ ዋጋ" እና "ነፃነት ያለው" የሚሉትን ሁለት ነገሮች ስለሚያምታታበት ነው። እኛ ደህና ነን፤ "በነፃ" እና "ነፃ" ብለን በአንዲት "በ" እንገላገላለን። ቢያንስ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

እናላችሁ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ተቀምጬ ማሽኑን ለእሱ አመቻቸሁት። ስክሪኑ ላይ የሚታዩት አራት ትልልቅ ስዕሎች ብቻ ናቸው፦ ሙዚቃ፣ ፎቶ፣ ፊልም፣ ድምፅ መቅጃ። ጽሑፉን አገዘፍኩ፣ በፊደሎቹ መካከል ያለውን ክፍተት አሰፋሁ። ማንበብ ለሚያስቸግራቸው ተብሎ የተሠራ ኦፕን ዲስሌክሲክ የሚባል የፊደል ቅርጽ አለ፤ ግን ለላቲን ፊደል የተሠራ ነው፣ ጥቅሙም ሲፈተን ያን ያህል ሆኖ አልተገኘም። ክፍተት ማስፋት ግን እንደሚረዳ እ.ኤ.አ በ2012 የጣሊያንና የፈረንሳይ ልጆች ላይ በተደረገ ጥናት ታይቷል። ኢስፒክ የሚባል አማርኛ የሚያነብ ነፃ ፕሮግራምም ጫንኩ። ድምፁ ጉንፋን የያዘው ሰው ይመስላል፤ ልጁ ግን ወደደው፣ አሁንም አስመስሎት ይናገራል። መጻፉን ተውኩት። በተለመደው አሠራር "ለ"ን ለመጻፍ መጀመሪያ የእንግሊዝኛውን "ኤል" ከዚያ "ኢ"ን መንካት ያስፈልጋል። የራሱን ፊደል ለማግኘት የሰው ፊደል መማር አለበት ማለት ነው። ይህ ለብቻው ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ከዚያ መቆለፉን ቀጠልኩ። የቀኝ ማውስ እንዳይሠራ፣ ስዕሎቹ ከቦታቸው እንዳይንቀሳቀሱ፣ በተለይ ደግሞ ምንም ነገር እንዳይጠፋ አደረግሁ። "ማጥፊያ" የሚባል ነገር የለም፤ ቅርጫቱንም ሰወርኩት። ለእህቴ "ይኸ ማሽን ላይ መሳሳት አይቻልም" ብዬ ጉራዬን ነፋሁ። እሷም መረቀችኝ።

ክፍት መሆኑ የጠቀመበትን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆናል። ለእንዲህ ዓይነት ሰው የነገሩ ቦታ ራሱ ዕውቀት ነው። ሙዚቃው ግራ ጥግ ላይ ነው ብሎ ካወቀ፣ ስዕሉን ወደ ቀኝ ብታዞረው ሙዚቃውን ወሰድክበት ማለት ነው። እኔና እናንተ ስልካችን በዝማኔ መልኩን ሲቀይር ትንሽ አማርረን እንለምደዋለን። እ.ኤ.አ በ2011 ብዙ የሊነክስ ተጠቃሚ የለመደው ጂኖም የሚባለው የስክሪን ገጽታ ከሥሩ ተቀየረ። ሠሪዎቹ ያሉት "አዲሱ ይሻላል" ነው። አንድ አርጀንቲናዊ ተጠቃሚ ግን "ለእኔ አይሻልም" አለና አሮጌውን ኮድ ወስዶ መጠገን ጀመረ። ሌሎችም ተከተሉት፤ ማቴ ተባለ፣ እስከ ዛሬም አለ። የእህቴ ልጅ የሚጠቀመው እሱን ነው። ከማያውቀው አገር አንድ ሰው እምቢ በማለቱ የልጁ ሙዚቃ ግራ ጥግ ላይ ቀረ። ኮድ ማንበብ የማይችል ሰው ከክፍት ኮድ ምን ያገኛል ለሚለኝ ይህን እነግረዋለሁ።

የሆነው ሆኖ፣ ከስድስት ወር በኋላ አንድ ቅዳሜ ብሄድ ስክሪኑ ላይ ፎጣ ተደርቧል።

"ምን ሆኖ ነው?" አልኳት እህቴን።

"እኔ እንጃ፣ እየሸፈነው ነው። ሳነሳው ይቆጣል።"

ማሽኑ ሥራ ሲፈታ ፎቶዎቹን እያፈራረቀ እንዲያሳይ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ያምራል ብዬ ነው። ከፎቶዎቹ አንዱ የዘመድ ሰርግ ላይ የተነሳ ነው። ልጁ ኮቱን አዛብቶ ቆልፎ መሐል ቆሟል፣ ሁላችንም ዙሪያውን ከብበን እንስቃለን። ያነሳሁት እኔ ስሆን፣ ሁሉም ሰው ስለሚስቅበት እወደው ነበር። በምን እንደሚስቅ አስቤው አላውቅም።

ፎጣውን ገለጥ አደረገና ጠብቆ፣ ጠብቆ፣ ፎቶው ሲመጣ በጣቱ ነካው። "ይኸን አጥፋው።"

"አይጠፋም እኮ፤ እንዳይጠፋ ተደርጎ ነው የተሠራው" አልኩት፣ አሁንም በኩራት።

"ጋሼ፣ ያንተ ይጠፋል። የእኔ ለምን አይጠፋም?"

እውነቱን ነው። የእኔ ላፕቶፕ ላይ ስንት ነገር ሳጠፋ አይቶኛል።

ልጅ ሆኜ ለአያቴ ደብዳቤ የማነብላት እኔ ነበርኩ። አጎቴ ከጦር ሜዳ ይጽፋል። እናቴ አስቀድማ ታየውና "ታምሜ ነበር የሚለውን ዝለለው" ትለኛለች። እዘላለሁ። አያቴ ካዳመጠች በኋላ "ይኸ ልጅ ሲያነብ የሚውጠው ነገር አለ" ትል ነበር። ማንበብ አትችልም፤ መዋጤን ግን ታውቃለች። ለማያነብ ሰው የሚያነብ፣ ኮድ ለማይከፍት ሰው ኮድ የሚከፍት፣ ያው ነው። የስቶልማን ነፃነት ወደዚህ ልጅ የሚደርሰው በእኔ ጣት አልፎ ነው። እኔም ከላይ ያሉትን አራት ስዕሎች አነበብኩለት፣ ቀሪውን ዋጥኩት። ማሽኑን በነፃ ሰጠሁት፤ ነፃ ማሽን ግን አልሰጠሁትም። የ"በ"ን ነገር ያነሳሁት ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ በ2012 እዚሁ አገራችን ውስጥ የሆነ ነገር ትዝ አለኝ። ለድሃ አገር ልጆች ርካሽ ኮምፒውተር አደርሳለሁ ብሎ የተነሳው የኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ድርጅት፣ ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ በሚገኙ ሁለት መንደሮች ትምህርት ቤት ላልገቡ ሕፃናት ታብሌቶችን ከነካርቶናቸው ሰጠ። አስተማሪ የለም። ታብሌቱ የሚሠራው በሊነክስ ላይ በተገነባው አንድሮይድ ነው። ድርጅቱ እንደተናገረው፣ ልጆቹ የስክሪኑን ገጽታ እንዳይቀይሩ መቆለፊያ ተደርጎበት ነበር፤ ካሜራውም ተዘግቶ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ መቆለፊያውን አልፈው እያንዳንዱ የራሱን ገጽታ ሠራ፣ ካሜራውም ተከፈተ። ዜናው ዓለምን ዞረ። "የኢትዮጵያ ሕፃናት አንድሮይድን ሰበሩት!" ተብሎ ተደነቀላቸው፤ እኔም ለሰው ሁሉ አውርቼዋለሁ።

ያንኑ ቁልፍ የእህቴ ልጅ ቢሰብረው ምን እንል ነበር? "አበላሸው።" ሥራው አንድ ነው። አንዱ ላይ ብልህነት፣ ሌላው ላይ ጥፋት የሚያደርገው ስለ ሠሪው አስቀድመን የፈረድነው ፍርድ ነው። ለአንድ ሰው ቁልፍ ስናበጅ፣ ቁልፉን መስበሩን ቀድመን ጥፋት ብለነዋል።

ሮበርት ፐርስኪ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ በ1972 ስለ አእምሮ እድገት ውስንነት ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰውን ከአደጋ ሁሉ መከለል ክብሩን መውሰድ እንደሆነ ተከራክሯል። ሐሳቡን ካነበብኩት ቆይቻለሁ፤ አንብቤም ጭንቅላቴን ነቅንቄያለሁ። ጭንቅላት መነቅነቅ ቀላል ነው። አገራችንም የአካል ጉዳተኞችን ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ በ2010 አጽድቃለች፤ በስምምነቱ መሠረት የመረጃ ቴክኖሎጂን ተደራሽ ማድረግ ግዴታ እንጂ ምጽዋት አይደለም። የኢንተርኔት ደረጃዎችን የሚያወጣው ዳብልዩ ስሪ ሲ የተባለው አካል ደግሞ ለእንዲህ ዓይነት ተጠቃሚዎች በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ ሰዎቹ እንዳይሳሳቱ እርዷቸው፣ ሲሳሳቱም እንዴት እንደሚያርሙ ይወቁ ይላል። እኔ የሠራሁበት የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው።

ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ልጆች የምታስተምር ወዳጄን አማከርኳት። "ሁሉን ክፈትለት ካልክም ጥለኸው ሄድክ ማለት ነው" አለችኝ። አንዱን ተማሪዋን አንድ የማያውቀው ሰው በስልክ አባብሎ የእናቱን ገንዘብ አስልኮታል። "ታዲያ ምን ላድርግ?" ስላት "የትኛው ይቆለፍ ብለህ ጠይቀኸዋል?" አለች። አልጠየቅሁም። ስለ ፊደል ክፍተት ጣሊያን ድረስ ሄጄ ጥናት አንብቤያለሁ፤ እሱ ግን ሳሎን ቁጭ ብሎ ሳለ አልጠየቅሁትም። መጠየቅ ያስቸግራል መሰላችሁ? አንድ ከሰዓት ብቻ ነው የፈጀው። ኢንተርኔት "አሁን ይቅር" አለ፤ የማያውቀውን ሰው ይፈራል። የስዕሎቹ ቦታ እንዳይነካ አለ። ማጥፊያ ይምጣ አለ። የማሽኑ ሥራ መፍታት ሲጀምር የሚመጡት ፎቶዎች ደግሞ እሱ የመረጣቸው ይሁኑ አለ። እኔ ከሦስት ሳምንት በላይ የደከምኩበትን አስተካከለው ማለት ነው።

ቅርጫቱን መለስኩ። ፎቶውን ራሱ ጎትቶ ከተተው፣ ቅርጫቱንም ራሱ ባዶ አደረገው።

"ጠፋ?"

"ጠፋ።"

"ለዘላለም?"

"ለዘላለም" አልኩት፤ ውሸቴን ነው። ማሽኑ በየሌሊቱ የሁሉንም ነገር ቅጂ ወደ አንድ ሌላ ዲስክ እንዲያስቀምጥ አድርጌው ነበር፤ ዲስኩን በየወሩ ይዤ የምሄደው እኔ ነኝ። ቅጂ መያዝ ጥሩ ነገር ነው፤ ነገ ሙዚቃውን በሙሉ በስህተት ቢያጠፋው ይመለስለታል። ግን እሱ ስለ ቅጂው አያውቅም። ሰው እንዲሳሳት ፈቅደህ፣ ስህተቱን በስውር የምታርምለት ከሆነ መፍቀድህ ምኑ ላይ ነው? ማጥፊያውን ሰጥቼው፣ ማጥፋቱን አስቀረሁበት። እቤቴ ገብቼ ዲስኩን ብከፍተው ፎቶው አለ፤ ኮቱ እንደተዛባ፣ እኛም እንደሳቅን። ልተኛ ብል አልሆነልኝም።

በሳምንቱ ዲስኩን ይዤ ሄድኩ። ምን እንደሆነና ለምን እንደምይዘው ነገርኩት። መልሶ መላልሶ ጠየቀኝ፤ በመጨረሻ "ሙዚቃው ይቀመጥ" አለ። ፎቶውን አሳየሁትና ራሱ አጠፋው። ከዚያ ዞር ብሎ አየኝ።

"ሌላ ቦታስ አለ?"

"የለም" ልል አፌን ከፈትኩና እናቱ ትዝ አለችኝ። ያን ዕለት ወደ ስልኳ ልኬላታለሁ።

"እናትህ ስልክ ላይ ሳይኖር አይቀርም" አልኩት።

ተነስቶ ወደ ጓዳ ሄደ።