ሥዕል የሚዋሸው መቼ ነው?

የሰው ልጅ ከሰማው ይልቅ ያየውን ማመን ልማዱ ነው። ስለዚህም ፎቶግራፍ ከተፈለሰፈ ወዲህ በዳኛ ፊት ማስረጃ፣ በመታወቂያና በይለፍ ወረቀት ላይ የባለቤቱ ምስክር፣ በሐዘን ቤትም የሟቹ መታሰቢያ ሆኖ ኖሯል። የሠዓሊ እጅ ያዳላል፣ የተራኪ አንደበት ይጨምራል ይቀንሳል፤ ብርሃን ግን ለማንም አያደላም ተብሎ ይታመናልና። እንግዲህ አንድ ሰው ብርሃንን ራሱን መሣሪያ አድርጎ፣ ያልነበረውን እንደ ነበረ፣ የነበረውንም እንዳልነበረ በሥዕል ቢያሳይ፣ ሥራው ጥበብ ይባላልን ወይስ ሐሰት? ይህ ጥያቄ የሠዓልያን ብቻ አይደለም፤ በየቤቱ የገባ ጥያቄ ነው።

በየቤቱ ገባ መባሉ እንደምን ነው ቢሉ፣ ዛሬ የፎቶግራፍ መሣሪያ በየተማሪው ኪስ፣ በስልክ ውስጥ ይገኛልና። በአዲስ አበባ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቱ የሚመለስ አንድ ወጣት ይታሰብ። ዝናም ካባራ በኋላ በመንገድ ላይ በተጠራቀመው ውሃ ውስጥ የሚታየውን ሕንፃ አንሥቶ ሥዕሉን ይገለብጠዋል፤ ሕንፃው በውሃ ውስጥ የተሠራ ይመስላል። ጓደኛውን በሩቅ አቁሞ የራሱን መዳፍ በቅርብ ይዘረጋል፤ ጓደኛው በመዳፉ ላይ የቆመ ይመስላል። በምሽት ስልኩን በግንብ ላይ አስደግፎ የብርሃኑን መግቢያ ለ10 ሴኮንድ ያህል ክፍት ይተወዋል፤ የመኪናው የኋላ መብራት እንደ ቀይ ክር ይዘረጋል፣ የሚመላለሰው ሰው ግን ከመንገዱ ይጠፋል። ሁለት ሥዕል አንዱን በሌላው ላይ ደርቦም፣ ከእናቱ ጀበና በሚወጣው እንፋሎት ውስጥ በሕይወት የሌለችውን የአያቱን ፊት ያወጣል። ይህን ያየ አባት ወይም መምህር፣ «ልጄ፣ ያላየኸውን አየሁ ማለትን ከማን ተማርህ?» ብሎ ቢገሥጸው፣ ተግሣጹ የሚናቅ አይደለም። ልጅ በጨዋታ የለመደውን በጎልማሳነቱ ሥራ ሊያደርገው ይችላልና። ዳሩ ግን ፍርድ ከመስጠት በፊት ነገሩን ከሥሩ መመርመር ይገባል።

አስቀድሞ፣ ፎቶግራፍ ያለ ምንም ዘዴ ቢነሣም የነበረውን ሁሉ እንደማያሳይ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1838 ዓ.ም. (ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ፈረንሳዊው ሉዊ ዳጌር በፓሪስ ከተማ ቡልቫር ዱ ታምፕል የሚባለውን ጎዳና ከፍ ካለ መስኮት ላይ ሆኖ አነሣው። ጎዳናው ሠረገላና እግረኛ የሚመላለስበት ነበር። ነገር ግን በዚያ ዘመን ብርሃኑ በሰሌዳው ላይ እስኪቀረጽ ድረስ ደቂቃዎች ይፈጅ ስለ ነበር፣ የሚንቀሳቀሰው ሁሉ ምልክት ሳይተው አለፈ። በሥዕሉ ላይ ጎልቶ የቀረው ጫማውን ለማስጠረግ እግሩን አንሥቶ የቆመ አንድ ሰው ነው፤ በእግሩ ሥር ደግሞ ዛሬ ሊስትሮ የሚባለው ሰው ጎንበስ ብሎ ይታያል። ስማቸውን የሚያውቅ የለም፤ በፎቶግራፍ ከተያዙት ሰዎች ግን ከመጀመሪያዎቹ መካከል ይቈጠራሉ። እንግዲህ ዳጌር ማንንም ለማታለል አላሰበም፤ ሥዕሉ ግን የሞላውን ጎዳና ባዶ አድርጎ አሳየ።

ከዚህ ተነሥቶ፣ «ሥዕል ሁሉ ጎደሎ ከሆነ ሥዕል ሁሉ ሐሰት ነው፤ ሁሉ ሐሰት ከሆነም ማንም በሐሰት አይከሰስም» የሚል አይጠፋም። ይህ ክርክር የረቀቀ ቢመስልም አይጸናም። ጉድለት ሌላ፣ ማታለል ሌላ ነውና። ዐይኑ የደከመ ምስክር ያላየውን «አላየሁም» ቢል አልዋሸም፤ ዐይኑ የተሳለ ምስክር ያላየውን «አየሁ» ቢል ግን ዋሽቷል። ሐሰት የሚለካው በታየው ነገር ማነስና መብዛት አይደለም፤ የሚለካው ተናጋሪው እውነት እንዳይደለ እያወቀ ሰሚውን ሊያሳምነው በፈለገው ነገር ነው። ይህንንም በሁለት ቤት የሆነ ታሪክ ያስረዳል።

ዣክ አንሪ ላርቲግ በ1894 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር ከባለጸጋ ቤት ተወለደ። 8 ዓመት ገደማ ሲሆነው አባቱ የፎቶግራፍ መሣሪያ ሰጠው። ልጁም የቤቱን ኑሮ፣ የዘመዶቹን ሩጫና ዝላይ፣ የወንድሙን ጨዋታ ያነሣ ጀመር። በ1905 ዓ.ም. ዚሱ እየተባለ የሚጠራውን ወንድሙን ነጭ አንሶላ አልብሶ አቆመውና የመሣሪያውን ዐይን ከፈተ፤ ጥቂት ቆይቶ ዘጋው፤ ወንድሙ ከስፍራው ከሄደ በኋላ ደግሞ ከፈተው። ሰሌዳው ወንድሙንም ከበስተኋላው ያለውንም ስፍራ በአንድነት ስለ ተቀበለ፣ ልጁ ሥጋና አጥንት የሌለው መንፈስ መስሎ ወጣ። ይሁን እንጂ ይህ ሥዕል እስከ ዛሬ የሚጠራው መንፈስ በመሰለው በወንድሙ ስም ነው። የላርቲግ ሥራ በ1963 ዓ.ም. በኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ለሕዝብ በታየ ጊዜ ተመልካቹ የልጅነትን ደስታ አየበት እንጂ፣ ተታለልሁ ብሎ የከሰሰ የለም።

ሁለተኛው ታሪክ በእንግሊዝ አገር፣ በዮርክሻየር አውራጃ፣ ኮቲንግሊ በምትባል መንደር የሆነ ነው። በ1917 ዓ.ም. የእኅትማማች ልጆች የሆኑት የ16 ዓመቷ ኤልሲ ራይትና የ9 ዓመቷ ፍራንሲስ ግሪፊትስ የኤልሲን አባት መሣሪያ ተውሰው ከቤታቸው በስተኋላ ወዳለው ጅረት ወረዱ። ኤልሲ የእንግሊዞች ተረት ፌሪ የሚላቸውን፣ ክንፍ ያላቸውን ትናንሽ ፍጥረቶች ከአንድ የልጆች መጽሐፍ አስመስላ በወረቀት ላይ ሥላ፣ በመቀስ ቈርጣ አዘጋጅታ ነበርና፣ በባርኔጣ መርፌ በሣሩ መካከል አቆሟቸው። ፍራንሲስም ከኋላቸው ሆና ተነሣች። አባትየው ፎቶግራፉን በጨለማ ክፍል ሲያጥብ ቀልድ መሆኑን ጠረጠረ፤ እናትየዋ ግን ነገሩን አመነች። በ1919 ዓ.ም. ሥዕሉን ስለ ረቂቅ ዓለም በሚመራመሩ ሰዎች ስብሰባ ላይ ካወጣችው በኋላ ወሬው ተስፋፋ። ሼርሎክ ሆምዝ የሚባለውን ብልህ መርማሪ በድርሰቱ የፈጠረው ሰር አርተር ኮናን ዶይል ሥዕሎቹን እውነት ናቸው ብሎ በ1920 ዓ.ም. መጨረሻ በታወቀ መጽሔት ላይ አሳተማቸው። ዶይል በ1918 ዓ.ም. ልጁን በሞት ያጣ፣ ከማይታየው ዓለምም መልእክትን አብዝቶ የሚሻ ሰው ነበር። ልጃገረዶቹ ይህን ያህል የከበረ ሰው ካመነ በኋላ «ወረቀት ነው» ማለትን አፈሩ፤ ሦስት ሥዕልም ጨመሩ። እውነቱን በግልጥ የተናገሩት በ1983 ዓ.ም.፣ ከ66 ዓመት በኋላ፣ ሁለቱም አርጅተው ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደ ተባለው ሆነ፤ ነገር ግን ንጋቱ ዘገየ፣ ያመናቸውም ሰው በ1930 ዓ.ም. እንዳመነ ሞተ።

አንባቢ ያስተውል። አንሶላና ወረቀት ሁለቱም የልጆች መጫወቻ ናቸው፤ በዘዴው በኩል ከታየ ይልቁን የላርቲግ ሥራ ብርሃኑን ራሱን ያታለለ ነው፤ የኮቲንግሊው መሣሪያ ግን በፊቱ የቆመውን ወረቀት እንዳለ አነሣ እንጂ አንዳች አልጨመረም። ታዲያ ያልተነካካው ሥዕል ሐሰት ሆኖ፣ የተነካካው እንደምን ንጹሕ ሆነ? ሐሰቱ ከሰሌዳው ላይ ሳይሆን ከሰሌዳው ጋር ከተነገረው ቃል፣ ከዚያም መነገር ሲገባው ካልተነገረው ቃል የመጣ ስለ ሆነ ነው። ጨዋታው ጨዋታ መሆኑ ባበቃበት ሰዓት ዝምታው ምስክርነት ሆነ።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ሰምና ወርቅን ሲማር አንዱን ነገር በሌላው ውስጥ መሰወርን ይማራል። በኅብረ ቃል አንዱ ቃል በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይናገራል፤ ይህም በአንድ ሰሌዳ ላይ ሁለት ጊዜ እንደ ማንሣት ነው። ሆኖም ባለ ቅኔውን ሐሰተኛ ያለው የለም። ለምን ቢሉ፣ ጉባኤው ቅኔ እንደሚሰማ ያውቃልና፤ ባለ ቅኔውም የሚሻው ሰሙ ቀልጦ ወርቁ እንዲገኝ ነው። ሰሙን ወርቅ ነው ብሎ የሸጠ ግን ባለ ቅኔ መባሉ ቀርቶ ቀጣፊ ይባላል። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳም ሠዓሊው ጻድቃንን በሁለት ዐይን፣ ኃጥኣንንና አጋንንትን በጎናቸው አዙሮ በአንድ ዐይን የመሣል ልማድ አለው። ይህን አይቶ ይሁዳ አንድ ዐይና ነበር የሚል ምእመን የለም። ሠዓሊውና ተመልካቹ በአንድ ሥርዓት ስለ ተስማሙ፣ ያልነበረው መልክ የነበረውን ክፋት በእውነት ይናገራል።

ነገር ግን ተቃዋሚ፣ «የግድግዳው ሥዕል ቀለም መሆኑ ከሩቅ ይታወቃል፤ ፎቶግራፍ ግን የሠሪውን እጅ ይሰውራል፤ ተመልካቹም ያለ ጥርጥር ይቀበለዋል» ቢል ትክክል ተናገረ። ስለዚህም ፎቶግራፍ አንሺ ከባለ ቅኔና ከሠዓሊ ይልቅ ዕዳ አለበት። እጁ በሥዕሉ የማይታይ ከሆነ በቃሉ ይታይ። ዛሬ አንድ ሥዕል በደቂቃ ውስጥ ከባለቤቱ ተለይቶ ወደማያውቁት ሺህ ሰዎች ይደርሳል፤ በጓደኛሞች መካከል ቀልድ የነበረው በሦስተኛው ሰው እጅ ወሬ፣ በዐሥረኛው እጅ ማስረጃ ይሆናል። የኮቲንግሊውን ሥዕል ወደ ስብሰባ ያወጣችው ከልጃገረዶቹ አንዷ ሳትሆን እናትየዋ ናት። ስለዚህ ያ ተማሪ የአያቱን ፊት ከእንፋሎት ባወጣ ጊዜ «ሁለት ሥዕል ደርቤ የሠራሁት ነው» የሚል አንድ መስመር ቢጽፍበት ውበቱ አይቀንስም። ወርቁ የአያቱ ናፍቆት ነው፤ ናፍቆቱም እውነት ነው።

አንድ ሌላ ድንበርም አለ። ተማሪው በመንገድ ዳር ሸክሙን አውርዶ ያንቀላፋውን ተሸካሚ ሳያስፈቅድ አንሥቶ፣ ሥዕሉን ከአህያ ሥዕል ጋር ቢደርበው፣ ስለ ድካም ለመናገር አስቦ ይሆናል። በሥዕሉም ላይ «የተደረበ ነው» ብሎ ቢጽፍ ማንንም አላታለለም። ሆኖም ያ ሰው ነቅቶ ፊቱን ከአህያ ፊት ጋር ሲያገኘው፣ የጥበቡ ትርጓሜ ኀፍረቱን አያጥብለትም። እውነትን መናገር ብቻውን አይበቃም፤ በማን ፊት ላይ እንደሚናገሩትም ማሰብ ያሻል። ባለ ቅኔ ሰም የሚያደርገው ቃልን ነው፤ ቃል አያፍርም። ሰውን ሰም ማድረግ የሚሻ ግን አስቀድሞ ሰውየውን ይጠይቅ፤ እንቢ ቢለውም የራሱን ፊት ያንሣ።

እነዚህን ሁለቱን ከጠበቀ፣ ማለት ዘዴውን ካልሸሸገና ባልንጀራውን ካላዋረደ፣ ተማሪውን መከልከል አይገባም። መከልከሉ ጉዳትም አለው። በኮቲንግሊ ቤት ነገሩን የጠረጠረው ማን እንደ ነበር ይታወስ፤ ፎቶግራፍ በእጁ የሚያጥበው አባት ነው። የታወቀው ደራሲ ግን ብልህ መርማሪን በድርሰቱ የፈጠረ ሆኖ ሳለ በወረቀት ተሸነፈ። ሰሙ እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው በሰም አይታለልም። ዛሬ ደግሞ ያልተወለደ ሰው ፊት፣ ያልተደረገም ጦርነት ሥዕል፣ ያለ ብርሃንና ያለ መስተዋት በኮምፒዩተር ስሌት ብቻ ይሠራል። በዚህ ዘመን ብርሃንን ከፍቶ ዘግቶ፣ ደርቦና ገልብጦ የሞከረ ወጣት፣ የቀረበለትን ሥዕል ከማመኑ በፊት «ይህ በምን ተሠራ? ማንስ ሠራው? ምን እንዳምንለት ይሻል?» ብሎ የመጠየቅ ልማድ ያገኛል። ስለዚህ መምህር የተማሪውን ሥዕል በተመለከተ ጊዜ አስቀድሞ አሠራሩን ይጠይቀው። ተማሪው ሳያፍር ደረጃ በደረጃ ከነገረው ሥራው ጥበብ ነው፤ መናገሩን ከፈራ ግን ተግሣጹ የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው።