የእንሽላሊቷ ዕዳ

ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። መምህር ሆኜ ያልተሳሳትኩበት ዓመት የለም፤ ይህኛው ስሕተት ግን እንቅልፍ ስለነሣኝ ለአንባቢ ላጫውት።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ዓርብ ነበር። አሥረኛ ክፍል ገብቼ በዓለም ትንሿ ዳይኖሰር መገኘቷን አበሠርኩ። ወሬው ትኩስ ነው፤ ኔቸር የተባለው ስመ ጥር የሳይንስ መጽሔት ካወጣው ገና ሁለት ቀኑ። ምያንማር ውስጥ፣ 99 ሚሊዮን ዓመት በቆየ አምበር (የዛፍ ሙጫ በዘመናት ብዛት ሲጠነክር አምበር ይባላል) ውስጥ አንድ የራስ ቅል ተገኘ። ርዝመቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። ተመራማሪዎቹ የወፍ ነው አሉ፤ ወፎች ከዳይኖሰር ዘር ስለሚቆጠሩም ከታወቁት ዳይኖሰሮች ሁሉ ትንሿ እሷ ሆነች። መጠኗ ኩባ ውስጥ ካለችው፣ ሁለት ግራም ገደማ ከምትመዝነው የዓለማችን ትንሽ ወፍ ጋር ተነጻጸረ። ኦኩሉደንታቪስ ብለው ሰየሟት፤ «ዓይን፣ ጥርስ፣ ወፍ» እንደ ማለት ነው።

ሥዕሉን በስልኬ እያዞርኩ ሳሳይ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። ከአንጋጫ በኩል መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር፣ እናቱ በየሳምንቱ ቆጮና ቅቤ የሚልኩለት ልጅ ነው።

«ቲቸር፣ ወፍ ይህን ሁሉ ጥርስ ከየት አመጣች? እንሽላሊት ብትሆንስ?»

«እንግዲያው አንተ ጻፍላቸው! ሳይንቲስቶቹ ያንተን ደብዳቤ ነው የሚጠብቁት» አልኩት። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ልጁም ሳቀ፤ ከሌሎቹ ትንሽ ዘግይቶ።

በዚያው ዕለት በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። ሰኞ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። ልጆቼ በየአገራቸው ተበተኑ፤ ወደ ዱራሜ፣ ወደ ሺንሺቾ፣ ወደ አንጋጫ። ትንሿን ዳይኖሰር በልባቸው ይዘው ሄዱ።

ብዙም ሳይቆይ ሌሎች የቻይና ተመራማሪዎች «ይህች ወፍ መሆኗ ያጠራጥራል» ብለው ተነሡ። ጥርሶቿ ከመንጋጋዋ ጋር የተያያዙበት መንገድ የእንሽላሊት ነው፤ በዓይኗ ዙሪያ ያሉት ማንኪያ መሰል አጥንቶችም እንዲሁ። ሐምሌ 15 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ጸሐፊዎች ራሳቸው ጽሑፋቸውን ሳቡት። በ2013 ዓ.ም. ከሁለተኛ ቅሪት ጋር ተመሳክሮ እንሽላሊት መሆኗ ታተመ። የሚያስገርመው ስሟ አለመቀየሩ ነው። በአሰያየም ሕግ የቀደመው ስም ስለሚጸና፣ እንሽላሊቷ ዛሬም «ወፍ» እየተባለች ትጠራለች።

ነገሩ ሩቅ አገር የሆነ ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. ከሰሜን ሸዋ፣ ከዓለም ከተማ አቅራቢያ ከወንጪት ወንዝ ሸለቆ የተገኘ አምበር 95 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ተሰጥቶት ነበር። በውስጡ ያለችው ጉንዳንም ከዓለም ጥንታውያን ጉንዳኖች ተርታ ተሰለፈች። በኋላ ሲመረመር ዕድሜው ወደ 20 ሚሊዮን ወረደ። ሰባ አምስት ሚሊዮን ዓመት ቀላል አይደለም! ቢሆንም የመጀመሪያውን ያነበበ ሁለተኛውንም የሚያነብበት መንገድ አለው። መጽሔት ቢሳሳት የሚመለስበት ገጽ አለው። መምህር ግን ቃሉን አንዴ ከረጨ ወዴት ይመለሳል? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባል የለ!

ትምህርት ቤት ሲከፈት ክፍሉን ሰብስቤ «ተሳስቻለሁ፤ እንሽላሊት ናት» አልኩ። ብዙዎቹ አልተመለሱም። ያ ልጅም የለም። እንደ ብዙ የሐዲያና የከምባታ ወጣት ታላቅ ወንድሙ ወዳለበት ወደ ደቡብ አፍሪካ መሄዱን ሰማሁ።

ጭንቀቴን ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ባዋየው ሳቀብኝ። «ያን ቀን የታወቀውን አስተማርክ፤ ምን አጠፋህ?» አለኝ። በዳይኖሰሯ ነገር እውነቱን ነው። ያን ቀን ኔቸርም አላወቀ፣ እኔም አላወቅሁ፤ ባለማወቅ ማንም አይከሰስም። ልጁም ቢሆን ምክንያቱ ልክ አልነበረም፤ የጥንት ወፎች ጥርስ ነበራቸውና። ይህን ብነግረው አንድ ነገር ተምሮ ይቀመጥ ነበር። ቀልዱን ግን ከኔቸር አላነበብኩትም። የራሴ ነው። ባልደረባዬ ሁለቱን አንድ አድርጎ ያያል፤ እኔ ደግሞ ለያይቼ ባየኋቸው ቁጥር ሁለተኛው ይከብደኛል። እነዚያ ተመራማሪዎች በዓለም ፊት ሲጠየቁ «እናንተ ማን ናችሁ?» ብለው አላሳቁም። እኔ አርባ ልጆች ፊት በአንድ ልጅ ላይ አሳቅሁ። ለክፍሉ ስናገርም የዳይኖሰሯን እንጂ የሳቁን ነገር አላነሣሁም፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ ይሉት ዓይነት።

ባለፈው ሰሞን እናቱን ገበያ ውስጥ ቅቤ ሲሸጡ አገኘኋቸው። ስልኩን ለመጠየቅ ስዳዳ «ምን አጠፋ?» ብለው ደነገጡ። መምህር የሚፈልገው ላጠፋ ልጅ ብቻ ይመስላቸዋል። «እሱ ሳይሆን እኔ ነኝ» ብላቸው በጄ አላሉም፤ ቁጥሩን ግን ሰጡኝ።

ረጅም መልእክት ጻፍኩለት። ስለ እንሽላሊቷም፣ ስለ ሳቁም። በሦስተኛው ቀን መለሰልኝ።

«ቲቸር፣ ይቅርታ፣ ሱቅ ላይ ሆኜ ዘገየሁ። ያን ቀን የሳቁትን ረስቻቸዋለሁ ብልዎ ውሸት ነው። ግን እንሽላሊት መሆኗን በምን አወቁ?»

ወረቀት አውጥቼ የመንጋጋዋን ሥዕል መንደፍ ጀመርኩ። ሥዕል አልችልም፤ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት። አራተኛውን ፎቶ አንሥቼ ላክሁለት። የዓይኗን አጥንት ነገ እልክለታለሁ።