መካሪና ተጠያቂነቱ

ተማሪ ሳለሁ የፀረ ኤድስ ክበብ አባል ነበርኩ። በሰልፍ ሰዓት በምናሳየው ድራማ፣ ምክር አልሰማ ብላ በመጨረሻ የምትቀጣው ሁልጊዜ ልጅቷ ነበረች። ባለመኪናውን ጎልማሳ የምጫወተው እኔ ነበርኩ፤ አንድ ጊዜ ብቅ ብዬ እጠፋለሁ። ይጨበጨብልናል። ለመሆኑ ያ ምክር አንዲት ልጅ አድኖ ይሆን? የጠየቀን አልነበረም።

በምዕራብ ኬንያ ግን ተጠይቋል። ፓስካሊን ዱፓ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ምሁር ባጠኗቸው 328 አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ በከፊሎቹ መምህራን «እስከ ጋብቻ ታቀቡ» የሚለውን መደበኛ ትምህርት እንዲሰጡ ሠለጠኑ። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ በ71ዱ ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች በ40 ደቂቃ አንድ እውነት ተነገራቸው፦ ቫይረሱ ከእኩዮቻቸው ይልቅ በትልልቅ ወንዶች ላይ እንደሚበዛ። መለኪያው ያለ መከላከያ የተደረገ ግንኙነት የሚታወቅበት እርግዝና ነበር። የመምህራኑ ሥልጠና አልቀነሰውም፤ የ40 ደቂቃው ገለጻ በ28 በመቶ ቀነሰው።

«ይህን መንገር ፈቃድ መስጠት ነው» የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ይገባኛል፤ ቁጥሩ ግን አልመሰከረላቸውም። እኔ እንደሚመስለኝ እውነቱን ያስቀረነው ለልጅቷ በማሰብ ብቻ አይደለም፤ የትልልቆቹን ስም ላለማንሳትም ጭምር ነው። መካሪ የሚጠየቀው በቃሉ ማማር ሳይሆን በተመካሪው ላይ በደረሰው ነገር ነው። ምክሩ ምን እንደሠራ ሳይመዝን «መክሬያለሁ» የሚል ሰው ያሳረፈው የራሱን ኅሊና ነው።

ያን ድራማ ዛሬ ብንደግመው ባለመኪናው እስከ መጨረሻው መድረኩ ላይ ይቆይ ነበር።