ስለ ማዕድና ስለ ባልንጀርነት

ሰው ባልንጀራውን ወደ ቤቱ ጠርቶ ሲያበላ ምን ይሰጠዋል? እንጀራውና ወጡ በዓይን የሚታዩ ናቸውና ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ዳሩ ግን ብዙ አቅርቦ የሚያስቀይም ሰው እንዳለ ሁሉ፥ ጥቂት አቅርቦ የሚያስደስትም መኖሩን የማያውቅ የለም። «ከፍትፍቱ ፊቱ» የተባለው ስለዚህ ነው። ነገር ግን ይህ ምሳሌ የጥያቄውን እኩሌታ ብቻ ይመልሳል። ፊቱ የበራ ባለቤት፥ እንግዳው ሊበላው የማይችለውን ምግብ ቢያቀርብለት፥ ፍቅሩ ፍጹም ሊባል ይችላልን?

ይህ ነገር በወሎ ምድር የሐሳብ ጨዋታ አይደለም፤ የዕለት ኑሮ ነው እንጂ። ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፥ በቦርከና ሸለቆ ያለችው ሐርቡ ለዚህ ምስክር ናት። አገሩ ቆላማ ስለ ሆነ ማሽላ ይበቅልበታል፤ ፍየልም ይረባበታል። ከሕዝቡ የሚበዛው ሙስሊም ነው፤ ክርስቲያኑም ከእርሱ ጋራ በአንድ ሰፈርና በአንድ ገበያ ይኖራል። ጎረቤት ሲሞት አብረው ይቀብራሉ፤ ጎረቤት ልጁን ሲድርም አብረው ይደግሳሉ። ነገር ግን ሙስሊሙ ክርስቲያን ያረደውን አይበላም፤ ክርስቲያኑም ሙስሊም ያረደውን አይበላም። አንዱ ሲያርድ ሥላሴን ይጠራል፤ ሌላው ቢስሚላሂ ይላል። ሁለቱም ያለ ፈጣሪ ስም ቢላዋ አያነሡም፤ ሁለቱን በማዕድ የሚለያቸውም ይኸው ስም ነው።

ነገሩ እንዲገለጥ አንድ ቤት ይታሰብ። ሙቀቱ ካየለበት የበጋ ቀን በኋላ፥ ፀሐይ ስትጠልቅ፥ በደጅ ፍም ተዘርግቶ የፍየል ሥጋ ሊጠበስ ነው። ባለቤቱ ክርስቲያን ነው፤ ከጠራቸው ከስድስቱ ባልንጀሮቹ ሦስቱ ሙስሊሞች ናቸው። ስቡ በፍሙ ላይ ሲንጠባጠብ የሚወጣው ሽታ ለስድስቱም እኩል ይደርሳቸዋል፤ ሥጋው ግን እኩል አይደርሳቸውም። እንግዲህ ባለቤቱ ምን ያደርጋል?

በፊቱ አራት መንገድ አለ። አንደኛው፥ ማን እንዳረደው ሳይናገር ዝም ብሎ ማቅረብ ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው፥ «ካላወቀ አይጎዳውም» ብሎ ራሱን ያጽናናል። ነገር ግን እንግዳው እጁን ወደ ሌማቱ የሚዘረጋው ባለቤቱን አምኖ ነው። እምነቱን ወስዶ በለውጡ ጥብስ የሰጠው ሰው፥ አበላ አይባልም፤ ዘረፈ ይባላል እንጂ።

ሁለተኛው መንገድ መለመንና ማስገደድ ነው። በኢትዮጵያ እንግዳን «በሞቴ!» እያሉ ማጉረስ የደግነት ልማድ ነው፤ እምቢ ማለትም እንደ ነውር ይቈጠራል። ይህ ልማድ የሚያፍረውን እንግዳ ስለሚያጠግበው መልካም ነው። ዳሩ ግን የሚያፍር ሰውና የሚጠነቀቅ ሰው አንድ አይደሉም። የሚያፍረው ልቡ መብላት ይወዳል፥ ሰው ይፈራል፤ የሚጠነቀቀው ግን ልቡ ራሱ አይፈቅድም። ሁለቱን ያልለየ ባለቤት፥ ደግነት መስሎት ባልንጀራውን ከሕሊናው ጋራ ያጣላዋል።

ሦስተኛው መንገድ ጨርሶ አለመጥራት ነው። ይህ ማንንም አያታልልም፥ ማንንም አያስገድድም፤ ስለዚህ ከሁለቱ ይሻላል የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ሰው ስድብን የፈራ መስሎት ከባልንጀራው ጋራ መነጋገርን ቢተው፥ ባልንጀራ አጣ እንጂ ምን አተረፈ?

አራተኛው መንገድ ወሎ ያወጣው ነው። ባለቤቱ ሁለት ፍየል ይገዛል። ከሙስሊሞቹ ባልንጀሮቹ አንዱን አስቀድሞ ይጠራውና «ይህን አንተ ባርከህ እረደው» ይለዋል። ሥጋው በሙስሊም ጎረቤት ቤት፥ በሙስሊም ድስት፥ በዚያው ቤት እመቤት እጅ ይሠራል፤ ወይም በዚያው ግቢ ሌላ ምድጃ ተጥሎለት ይጠበሳል። ሙስሊሙም ድግስ ሲደግስ ለክርስቲያን ጎረቤቱ እንዲሁ ያደርግለታል። በሠርግ ጊዜ ይህ ከቶ አይዘነጋም።

በዚህ ሥራ ውስጥ የተሰወረው ስጦታ ይስተዋል። የቤት ጌትነት ከሁሉ ይልቅ በምድጃው ላይ ይታያል። ምን እንደሚታረድ፥ ማን እንደሚያርድ፥ በርበሬው ምን ያህል እንደሚሆን የሚያዝዘው ባለቤት ነው። ቢላዋውንና ምድጃውን ለእንግዳው ሲያስረክብ ግን በገዛ ግቢው ስለ አንድ ነገር እንግዳ ይሆናል። በገንዘቡ የገዛውን ፍየል ጨው እንኳ ሊቀምስ አይችልም። ጥብሱ ጣፍጦ እንደ ሆነ የሚያውቀው ከባልንጀሮቹ ፊት ብቻ ነው። እንዲህ ሲሆን «ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚለው ምሳሌ ይገለበጣል፤ አሁን የባለቤቱን ፊት የሚያይ እንግዳው ብቻ አይደለም፥ የእንግዳውን ፊት የሚያይ ባለቤቱም ነው።

ይህን የሚቃወም ሰው ግን አለ፤ ቃሉም ሊናቅ አይገባውም። «እውነተኛ ባልንጀርነት ካለ ስለ ምን ሁለት ድስት ያስፈልጋል? ልብ አንድ ከሆነ ሥጋውም አንድ ይሁን» ይላል። ንግግሩ ያማረ ነው። ነገር ግን ጠያቂው አንድ የሚያደርገው ድስት የማን እንደሚሆን ይናገር። የእርሱ ከሆነ፥ አንድነት ያለው መገዛትን ነው። ወሎ ይህን በታሪክ አይታዋለች። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ከተደረገ በኋላ፥ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሡ አዘዙ፤ የወሎው ገዥ መሐመድ ዓሊም ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ። ከሕዝቡ ግን ብዙዎች በስውር የቀድሞውን ሃይማኖታቸውን ያዙ፥ ሌሎችም አገር ለቀው ተሰደዱ። ልቡ ያላመነ ሰው የሌላውን ሥጋ ሲጎርስ ጉሮሮው ምን እንደሚሰማው ማሰብ አያዳግትም። እንዲህ ያለውን ዘመን ባየ አገር ሁለት ድስት የጥል ምልክት አይደለም፤ ማንም ማንንም በግድ እንዳያጎርስ የተደረገ ቃል ኪዳን ነው እንጂ። ሐዋርያው ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት በ14ኛው ምዕራፍ ስለ መብል ያስተማረው ከዚህ አይርቅም፤ የበላተኛውን ነጻነት ሳይሆን የወንድሙን ሕሊና አስቀድሟልና።

ሁለተኛ ተቃውሞ ከድኻው ይመጣል፤ እርሱም ከፊተኛው ይከብዳል። ሁለት ፍየል የሚገዛ ማን ነው? አንድ ለመግዛት ዓመት የሚጠብቅ ሰው ባልንጀሮቹን እንዴት ይጥራ? ለዚህ መልስ የምትሰጠው የቤት እመቤት ናት። በጓዳዋ ሽሮ አለ፥ ምስር አለ፥ የማሽላ እንጀራ አለ፤ ቡናም አለ። እነዚህ ሁሉ አራጅ አያስፈልጋቸውም። በዚህም የሚያስደንቅ ነገር ይገኛል። የሰው ልብ የሚጓጓለትና ክብር የሚባለው ጥብስ ሰዎችን በሁለት ምድጃ ይከፍላል፤ የተናቀው ሽሮ ግን ሁሉንም በአንድ መሶብ ይሰበስባል። አቦል፥ ቶናና በረካ ተብሎ ሦስት ጊዜ የሚቀዳው ቡናም ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን በአንድ ረከቦት ዙሪያ ያስቀምጣል። ድኻ ባልንጀራ ለመጥራት የሚያፍር ከሆነ፥ የሚያፍረው ከሁሉ ይልቅ በሚያስታርቀው ማዕዱ ነው።

ነገር ግን ሽሮም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዕለቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢሆን ክርስቲያኑ ቅቤ አይቀምስም። እንግዲህ ሙስሊሟ እመቤት ሽሮውን በዘይት ልትሠራ ይገባታል። የራሷ ሃይማኖት ይህን አያዝዛትም፤ ቅቤ ያለበት ሽሮ እንደሚጣፍጥም ታውቃለች። ነገር ግን የጎረቤቷን የጾም ቀን በልቧ ይዛለች። የማይጾሙትን ጾም ቈጥሮ ማወቅ፥ የሌላውን ሰው ረኃብ በራስ ቤት ማስቀመጥ ነው።

የሁለቱ ሃይማኖቶች ዘመን አቈጣጠር ልዩ ስለ ሆነ ይህ ጥንቃቄ አንዳንድ ጊዜ እጅግ ይፈተናል። የረመዳን ወር በጨረቃ ስለሚቈጠር በየዓመቱ አሥር ወይም አሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመለሳል። በ2013 ዓ.ም. ትንሣኤ ሚያዝያ 24 ቀን ሲውል ሙስሊሞች በረመዳን ጾም ላይ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ዐቢይ ጾምና ረመዳን ሁለቱም በአንድ ቀን፥ መጋቢት 2 ቀን ተጀመሩ። ዳሩ ግን የተጀመሩት አብረው ቢሆንም የተፈቱት አብረው አይደለም፤ ዒድ አል ፈጥር ሚያዝያ 2 ቀን ሲሆን ትንሣኤ ሚያዝያ 27 ቀን ነበረ። በሁለቱም ዓመታት ከጎረቤታሞቹ አንዱ ሲፈታ ሌላው ይጾም ነበር። እንዲህ ባለ ቀን ጎረቤቱን የሚወድ ሰው ምን ይስጠው? ለረመዳን ጿሚ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድርሻውን ያቈይለታል፤ ለዐቢይ ጾም ጿሚ ቅቤ የሌለበትን ያቀርብለታል። ሰዓቱን መጠበቅም ከማብላት ወገን ይቈጠራል።

የሁለቱ ሃይማኖቶች አባት የሚባለው አብርሃም በእንግዳ ተቀባይነቱ የታወቀ ነው። ኦሪት ዘፍጥረት በ18ኛው ምዕራፍ፥ ለሦስቱ እንግዶች ጥጃ አሠርቶ ከእርጎና ከወተት ጋራ እንዳቀረበላቸው፥ ሲበሉም በአጠገባቸው እንደ ቆመ ይናገራል። ቁርዓንም በሁድ ምዕራፍ የተጠበሰ ጥጃ እንዳቀረበላቸው፥ ነገር ግን እጃቸው ወደ ምግቡ እንዳልደረሰ ባየ ጊዜ በልቡ እንደ ፈራ ይተርካል። የሁለቱ ታሪክ መጨረሻ ይለያይ እንጂ አብርሃም በሁለቱም ዘንድ አንድ ነገር ያደርጋል፤ አቅርቦ ዘወር አይልም፥ የእንግዶቹን እጅ ይመለከታል። እንግዳ አለመብላቱን አይቶ የሚቈጣ ብዙ ነው፤ ስለ ምን አልበላም ብሎ በልቡ የሚጨነቅ ግን ጥቂት ነው።

እንግዲህ ሁለት ምድጃ ብቻውን ጽድቅ አይሆንም። ሁለት ፍየል አርዶ፥ አንዱን ወገን በአንድ ዳስ ሌላውን በሌላ ዳስ አስቀምጦ፥ ወደ ሁለተኛው ሳይደርስ የሚያመሽ ባለቤት ልማድን ፈጸመ እንጂ ባልንጀራን አላከበረም። ሥጋው ቢለይም ጨዋታው አይለይ፤ ጥብሱ ቢለይም ቡናው አንድ ይሁን። በሐርቡ የበጋ ማታ ፍም ሊያቀጣጥል የሚያስብ ሰው፥ ከሰል ከመግዛቱ በፊት ወደ ባልንጀራው ቤት ይሂድና «ምን ትበላልኛለህ? ማንስ ይረድልህ?» ብሎ ይጠይቀው።