«ቀደር ነው» ካልን በኋላ

ሳያስበው በመኪና ሰው ገጭቶ የገደለ ወንድም በቤትዎ ቢኖር ምን ይሉታል? ብዙዎቻችን «ቀደር ነው፤ እርሳው» እንላለን። እሱ ግን እንቅልፍ የለውም፤ የፍሬኑ ድምፅ ከጆሮው አልወጣም። ይህ የኢማን ድክመት ነውን?

አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አልቅሰዋል። በቀደር ማመን ልብን ድንጋይ አያደርግም። ሆኖም «እንዲህ ባደርግ ኖሮ» እያሉ መብሰልሰል ለሸይጧን በር እንደሚከፍት አስተምረውናል።

ታዲያ ጸጸቱ ወዴት ይሂድ? አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አን-ኒሳእ አንቀጽ 92 ሙእሚንን በስህተት ለገደለ ሰው የደም ካሳና ከፋራ ደንግጓል፤ ነፃ የሚያወጣው ባሪያ ያላገኘ 2 ተከታታይ ወር ይጾማል። የሟች ቤተሰብም ካሳውን ይቅር ማለት ይችላል። ቀደር የኃላፊነት መሸሸጊያ አይደለም ማለት ነው። በሌላ በኩል፣ የሚከፈል ዕዳ ማለቂያ አለው፤ ዕድሜ ልክ ራስን መቅጣት ግን አልታዘዘም።

ስለዚህ «እርሳው» አይበሉት። የሚጠበቅበትን እንዲያውቅ ወደ ዓሊም ይውሰዱት። ሽማግሌ ይዘው ወደ ሐዘንተኞቹ ቤት አብረውት ይሂዱ። እንቅልፉ ካልተመለሰም ሐኪም ይየው፤ መታከም ከተወኩል ጋር አይጣላም።

አላህ ለሟቾች ምሕረትን፣ ለቀሩት ሰብርን ይስጥ። አሚን።