እስራት ማስረጃ ሲሆን

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ2,000 ያነሰ ነዋሪ ባለበት አካባቢ የአንድ ሰው እብደት በግልጽ የታወቀ የሚሆነው መቼ እንደሆነ በ342ኛው አንቀጽ ይደነግጋል፦ ቤተሰቡ ወይም አብረውት የሚኖሩት በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት ሲጠብቁትና እንደ ልቡ እንዳይንቀሳቀስ ሲከለክሉት ነው። ከዚያ የሚቀድመው አንቀጽ ደግሞ በአእምሮው ሁኔታ ሆስፒታል የገባን ሰው በዚያ እስካለ ድረስ እብደቱ እንደታወቀ ይቆጥረዋል። በሁለቱም ማስረጃው ነፃነት ማጣቱ ራሱ ነው። ሰውየው ታስሯልና አብዷል፤ መታሰሩ ተገቢ ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ሕጉ ይህን ያደረገው ለጥበቃ ነው። እንዲህ ያለ ሰው የፈረመውን ውል ራሱ ወይም ወራሾቹ ሊያስፈርሱት ይችላሉ፤ ቤቱን በአንድ ፊርማ እንዳያጣ ይጠቅመዋል። ጉዳቱ ግን ከንብረት ጥበቃው በላይ ነው፤ ሰውን በአንድ ጊዜ ለሁሉም ነገር የማይበቃ ያደርገዋልና።

የመወሰን ችሎታ ግን እንዲህ አይሠራም። በ2017 ዓ.ም. የአዲስ አበባው ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ የቀበሌ ቤት ተከራዮች ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረዋል። ከነዚህ መካከል ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ሰው ነበረ እንበል። ይህ ሰው ጎረቤቱ በግድግዳ በኩል እንደሚያዳምጠው አጥብቆ ሊያምን ይችላል፤ የት መኖር እንደሚፈልግ፣ ከማን ጋር፣ ለምን እንደሆነ ግን ጥርት አድርጎ ያውቃል። ሐሳቡ በአንዱ ጉዳይ መታወኩ በሌላው ድምፁን አይነጥቀውም። መድኃኒቱን የምታስታውሰው ጎረቤት፣ በዱቤ የሚሰጠው ባለሱቅ፣ የሚያውቁት የእድሩ ሰዎች አብረውት ካልሄዱ ደግሞ የሚጎድለው ቤት ብቻ አይደለም፤ የሚወስንበት አቅምም አብሮ ይቀንሳል። ችሎታ በከፊል በሰዎች መካከል የሚኖር ነገር ነውና።

ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን በ12ኛው አንቀጹ ይህንኑ ሐሳብ ይዟል፤ ሌላ ሰው በምትኩ ከሚወስንለት ይልቅ አካል ጉዳተኛው ራሱ እንዲወስን ይደገፍ ይላል። 14ኛው አንቀጽ አካል ጉዳት በራሱ ነፃነትን ለመንፈግ ምክንያት እንዳይሆን ይከለክላል። በሕገ መንግሥቱ መሠረት ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሀገሪቱ ሕግ አካል ናቸው፤ 342ኛው አንቀጽ ግን እንደቆመ ነው።

እዚህ ላይ ትልቅ ተቃውሞ ይነሳል። በሶዶ ወረዳ የተካሄደ ጥናት የአእምሮ ሕመምተኛን በሰንሰለት የሚያስሩ ቤተሰቦች ብዙውን ጊዜ ጨካኞች ሳይሆኑ ሕክምና ያጡና የፈሩ መሆናቸውን አሳይቷል። ልጁ ወንዝ እንዳይገባ የሚያስር አባት ሌላ አማራጭ አልተሰጠውም። ጤና ጣቢያ ሳይቀርብ ሰንሰለቱን ብቻ መከልከል እስራቱን ወደ ጓዳ ይገፋዋል። ስለዚህ መብቱ ያለ አገልግሎት ባዶ ነው የሚለው ክርክር ትክክል ነው። ከዚህ ተነስቶ አገልግሎቱ እስኪመጣ መብቱ ይቆይ ማለት ግን ስህተት ነው፤ ከአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል የራቀው ቤተሰብ ጤና ጣቢያ እንዲቀርብለት የሚጠይቀው በዚያው መብት ነውና።

342ኛውን አንቀጽ የሚተካ አዲስ ሕግ ከሁሉ አስቀድሞ የማስረጃውን አቅጣጫ መገልበጥ ይኖርበታል። ሰውን ያለ ፈቃዱ የሚይዝ፣ ቤተሰብም ይሁን ሐኪም፣ ለምን እንደያዘው በጽሑፍ ያስረዳ፤ የሚያበቃበት ቀን ይወሰንለት፤ የተያዘው ሰው ዳኛ ፊት የመቅረብ፣ የሚያምነውን ደጋፊ የመምረጥና ደህና በሆነበት ጊዜ ስለ ወደፊት ሕክምናው የተናገረውን የማስከበር መብት ይኑረው።